ከፍ ያለ መቀመጫና የቢላ ሰላምታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ድርጅቱ በለስላሳና በዳቦ ሸኘኝ። ኃላፊያችን ንግግር ሲያደርግ፣ "ቶለሳ የስንቱን ሠራተኛ ጉልበት ያዳነ ሰው ነው" አለና አዳራሹ አጨበጨበ። ስጦታዬን ልቀበል ከወንበሬ ስነሳ የገዛ ቀኝ ጉልበቴ ቋ አለ። ደረቅ እንጨት የተሰበረ ነው የሚመስለው። ማይክራፎኑ አጠገቤ ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ከኋላ አንዱ፣ "ይቺኛዋን ረስቷታል" አለ። ነቀምቴ ውስጥ እንደዚያ የተሳቀበት ስንብት ያለ አይመስለኝም። እኔም ሳቅኩ። ምን አደርጋለሁ፣ እውነት ነው።

ሐኪም አይደለሁም፣ ወጌሻም አይደለሁም። ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ። ድርጅታችን ገጠር ለገጠር የሚዞሩ ሠራተኞቹን፣ ክትባት ሰጪውንም የእርሻ ባለሙያውንም፣ በብስክሌት ነበር የሚያሰማራው። እኔ ደግሞ ብስክሌታቸውን እጠግናለሁ። አሁን ሁሉም ሞተር ሳይክል ሆነ። ጋራዣችንም የሞተር ማቆሚያ ሆነች። ኃላፊው ጠርቶኝ፣ "ወይ ሞተር ተማር፣ ወይ ቀደም ብለህ ጡረታ ውጣ" አለኝ። ሞተሩን አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ አልተዋደድንም። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አስቴር ከተጋባን ጀምሮ ቀን ቀን አይታኝ ስለማታውቅ በመጀመሪያው ሳምንት፣ "አሞህ ነው እንዴ የቀረኸው?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

እንግዲህ ከሥራ ዘመኔ ብዙ የምለው አለ፣ ግን አላሰለቻችሁም። ስለ ደመወዙ አልናገርም። በወር መጨረሻ ብቅ ይላል፣ እንዴት ከረማችሁ ብሎን ይሄዳል። የምናገረው ስለ ጉልበት ነው። በጉልበት ጉዳይ አንድ ሰው በድያለሁ፣ እሱን ልንገራችሁ።

የጀመርኩት ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ በነበረችው የቆርቆሮ ጋራዣችን ነው። የገባሁት ዋሽቼ ነው። ጎማ መለጠፍ ትችላለህ ወይ ሲሉኝ ለዓመታት ስለጥፍ የኖርኩ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ሰጡኝ። አሸሁ፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ በጥንቃቄ ለጠፍኩ፣ ተጫንኩት። ውሃ ውስጥ ስንነክረው አየሩ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ለካ የለጠፍኩት ከቀዳዳው አንድ ክንድ ርቄ ደህናውን ቦታ ነው።

የጋራዡ አለቃ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ያኔ ሳቅ አላሉም። ካላማዳሪውን አገላብጠው አዩትና፣ "ልጣፉስ ጥሩ ነው። ቀዳዳውን ወደዚህ ማምጣት ብቻ ነው የቀረን" አሉ።

ጋሽ ሰይድ ወሎዬ ናቸው። በድርቁ ጊዜ ጎልማሳ ሆነው ከአባታቸው ጋር በሰፈራ መጥተው ቆላ ወርደው አርሰዋል። ከዚያ እርሻውን ለወንድሞቻቸው ትተው ብስክሌት ላይ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ኦሮምኛውን ከእኔ ከተወላጁ አጣፍጠው ይናገሩታል፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ ወሎ አማርኛቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ "ምነዋ" ካሉ ሁላችንም ቀና ብለን ሥራችንን እናያለን።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሲመጣ ብስክሌቱን አይነኩም። የተደፋች ጀሪካናቸው ላይ ይቀመጡና፣ "እስከ በሩ ድረስ ነድተህ ተመለስ" ይላሉ። ሰውየው ሲሄድ ከኋላ ያያሉ፣ ሲመለስ ከፊት ያያሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ። "ፊቱን ነው ኋላውን?"

የጉልበቱ ፊት፣ ከሎሚው በታች ከሆነ የሚያመው፣ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። እግር ሳይዘረጋ ታጥፎ ሲገፋ ይውላል፣ ጉልበቱ ሁሉን ይሸከማል። ኋላው፣ ጅማቱ ጋ ከሆነ ደግሞ መቀመጫው በጣም ከፍ ብሎ እግሩን ያንጠራራዋል። ጎንና ጎኑን ካመመው ወይ ጫማው ፔዳሉ ላይ ተጣሞ ነው የሚያርፈው፣ ወይ ፔዳሉ ራሱ ችግር አለበት። ልኩን ሲያወጡ ሰውየውን መቀመጫው ላይ ያስቀምጡና ፔዳሉን ታች አድርሰው ተረከዙን ያስረግጡታል። በተረከዝ ሲረግጥ እግሩ ቀጥ ካለ፣ በጣቱ ሥር ሲረግጥ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ይላል። ያ ነው ልኩ። ግን ልኩ ላይ በአንድ ቀን አያደርሱትም። በሳምንት ግማሽ ጣት፣ ግማሽ ጣት ብቻ ከፍ ያደርጋሉ። ልኩ ላይ ሲደርስ የመቀመጫውን ብረት በሞረድ ጫር ያደርጉታል። ባልና ሚስት ለሚነዱት ብስክሌት ሁለት ጭረት፣ ወንድማማቾች ለሚነዱት ሦስት። "እንዲያው ሲቀባበሉ በልካቸው እንዳይጣሉ" ይላሉ።

አንዲት ጫልቱ የምትባል ክትባት ሰጪ ነበረች። የቀኝ ጉልበቷ ውስጥ ውስጡን እያመማት ወጌሻ አሻት፣ ቅቤ ቀቡላት፣ ዕረፍት ወጣች። ቤት ስትቀመጥ ይተዋታል፣ ሥራ ስትጀምር ይመለስባታል። ሰዉ ሥራ ጠልታ ነው ማለት ጀምሮ ነበር። ጋሽ ሰይድ አስነዷት፣ አዩ። ከዚያ ብስክሌቱን ገልብጠው ከኋላው ተንበረከኩና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ ፔዳሉን በጣታቸው አዞሩት።

"ቶለሳ፣ ና እስቲ። ምን ይታይሃል?"

"ፔዳል።"

"ፔዳሉስ ምን እያደረገ ነው?"

ሲዞር ይወዛወዛል። ብስክሌቱ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ሲወርድ ወድቆ የፔዳሉ ብረት ታጥፎ ኖሯል። ልጅቷ በየዙሩ ጉልበቷን ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ እያደረገች ነው ቀኑን ሙሉ የምትውለው። ፔዳል ቀየርንላት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳነች። ያን ብስክሌት እኔ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቼ፣ "አዲስ ሆኗል" ብዬ አስረክቤያት ነበር። ጋሽ ሰይድ ይህን አላነሱብኝም። ጫልቱ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ታነሳብኛለች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ተማርኩ። ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ነውር እንዳልሆነ፣ ለተራራማ ቀበሌ የኋላውን ጥርስ በትልቁ መቀየር ጉልበት እንደሚያሳርፍ፣ ጠዋት በብርድ ሲነሱ ቀስ ብሎ መጀመር እንደሚሻል። ጊምቢ አንድ ክረምት ሠራሁ፤ ከጭቃ ሌላ ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። ከዚያ ቢላ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ላኩኝ፣ ብቻዬን፣ የራሴ አለቃ ሆኜ።

ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ወፍራም የነበረው ኩራቴ ነው። ቢላ እንደገባሁ ጋራዤ በር ላይ በቀይ ቀለም፣ "ጉልበት የሚያማችሁ ኑ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ መጡና ሱሪያቸውን ጠቅልለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"አባባ፣ ብስክሌት አለዎት?" አልኳቸው።

"ብስክሌት የለኝም። ጉልበቱ ግን ይኸውልህ።"

መርፌ እንደማልወጋ ሳስረዳቸው ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ጽሑፉን አጠፋሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት ለከተማው ሰው ሁሉ እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወንጌላዊ ገመቹ መጣ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ አንተ እንባባላለን። ሦስት ትንንሽ ጉባኤዎችን እየዞረ ያገለግላል፤ ሦስተኛዋ ከወንዝ ማዶ፣ በብስክሌት የግማሽ ቀን መንገድ ናት። መኪና አይገባባትም፣ ሌላ አገልጋይም የላትም።

"ቶለሳ፣ ይሄ ጉልበት ሊያስቀረኝ ነው" አለኝ። "የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አይተውኛል፣ ሳነክስ። ቢሮ ቁጭ በል፣ መዝገብ ያዝ እያሉኝ ነው።"

"ቢሮ ምን አለው? ዝናብ የለው፣ ጭቃ የለው።"

"እኔስ ጥሩ ነው። ማዶዎቹን ማን ሊያያቸው ነው? በዓመት ሁለቴ እንግዳ ይላክላቸዋል በቃ።"

"ፊቱን ነው ኋላውን?"

"ፊቱን።"

አስነዳሁት። መቀመጫው ከመውረዱ የተነሳ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል፤ ፌንጣ ነው የሚመስለው። ቢላ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚነዳው። እኔም ከመጣሁ ጀምሮ ይሄን እያየሁ፣ የነቀምቴ ልጅ ሆኜ፣ "እነዚህ ሰዎች አላወቁም" እያልኩ በልቤ አዝንላቸው ነበር። ተረከዙን አስረግጬ ለካሁ። አራት ጣት ጎድሏል። በሳምንት ግማሽ ጣት የሚለው የጋሽ ሰይድ ነገር ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ሰውየው ቸኩሏል፣ እኔም የእጄን ሥራ በአንድ ቀን ላሳየው ፈልጌያለሁ። ብሎኑን ፈታሁ፣ አራቱንም ጣት ሰቀልኩት፣ አጠበቅኩ።

ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረው። "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ክንፍ ያወጣሁ ነው የመሰለኝ" አለኝ። ሲሄድ ቆሜ አየሁት። እንዴት እንደሚወርድ ግን አላየሁም።

ማክሰኞ ወደ ማዶ ሲሄድ ከለቅሶ የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ላይ አገኘ። ከፊት አንድ ትልቅ ሽማግሌ አሉ። በዚያ አገር ሽማግሌን ተቀምጠህ ሰላም አትልም። በቅሎም ላይ ሁን፣ ብስክሌትም ላይ ሁን ትቆማለህ፣ ሁለት እግርህ መሬት ይነካል፣ ኮፍያህን ታወልቃለህ። ከዚያ አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብለህ ትጀምርና ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ይጠየቃል። ገመቹ ፍሬን ያዘ፣ እንደ ልማዱ ሁለቱንም እግሩን ወደ መሬት ላከ። መሬቱ እግሩ በሚያውቀው ቦታ አልነበረም። አራት ጣት ርቋል። ወደ ቀኝ ተገነደሰ፣ ጉልበቱ ድንጋይ ላይ አረፈ፣ ብስክሌቱ ከላዩ ወደቀ። ክብር ሊሰጣቸው የቆመላቸው ሽማግሌ ናቸው በኮቱ ይዘው ያነሱት።

እኔ ገበያ ነበርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሦስት ሰው ሰማሁት። እንደ መጀመሪያው አነጋገር ከብስክሌት ወድቋል፣ እንደ ሁለተኛው ከድልድይ ወድቋል፣ እንደ ሦስተኛው ወንዝ ውስጥ ገብቷል። ሦስቱም ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ መቀመጫውን የሰቀለው ቶለሳ ነው።

የጉልበቱ ሎሚ ተሰንጥቆ ነበር። ነቀምቴ ወስደው ጀሶ አደረጉለትና ወደ ቤቱ መለሱት። ልጠይቀው ስሄድ ባለቤቱ አዴ ለሊሴ በር ላይ ተቀበለችኝ። ቤት ውስጥ ካሉት በርጩማዎች ዝቅተኛውን መርጣ ሰጠችኝ።

"አንተ ነህ ያስረዘምከው?"

"እኔ ነኝ።"

"እሱ እኮ አጭር ሆኖ ደህና ነበር" አለችኝ።

ገመቹ አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ጉልበቱ ድረስ ሄዶ አመመው መሰለኝ ቶሎ አቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ እንጠብቅህ፣ ከመስቀል በኋላ በእግርህም ሆነ በብስክሌት ማዶ መሻገር ካልቻልክ ቢሮ ትገባለህ ብለውታል። ማዶዎቹ ደግሞ ሁለት ሰው ልከው፣ "ይመጣል ወይስ እንተወው?" ብለው ጠይቀዋል። ይሄን ሲነግረኝ ወደ እኔ አላየም፣ ወደ ጀሶው ነው ያየው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ ልለቅ ወሰንኩ። ከመልቀቄ በፊት ግን የወረዳው ቢሮ ስልክ ላይ ቆሜ ለጋሽ ሰይድ ሁሉንም ነገርኳቸው።  "መቀመጫውን አትንካ፣ መጣሁ" አሉና ዘጉ።

በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ መጡ። ገመቹ ቤት አልሄዱም፣ ጋራዤም አልገቡም። ከከተማው መውጫ መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔንም አስቀመጡኝ።

"ቁጠር" አሉኝ።

"ምኑን?"

"የሚቆሙበትን።"

አንድ ገበሬ በብስክሌት መጣ። ሽማግሌ አገኘ፣ ቆመ፣ እግሩን ተከለ፣ ተጨዋወተ። ትንሽ ሄደ፣ ሁለት ሴቶች አገኘ፣ ቆመ። ካህን አገኘ፣ ቆመ። ከዓይናችን እስኪሰወር ሰባት ጊዜ ቆመ። ሌላው መጣ፣ አምስት ጊዜ። ሁሉም ከመቀመጫቸው አይወርዱም፣ ዝቅ ያለ ስለሆነ እግራቸውን ብቻ ግራና ቀኝ ይተክላሉ።

"ወንጌላዊው ማዶ እስኪደርስ ስንት ሰው ሰላም ይላል?" አሉኝ።

"አልጠየቅኩትም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የለካኸው?"

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

"መቀመጫቸውን ዝቅ ያደረጉት አላዋቂ ሆነው መስሎህ ነበር፣ ምነዋ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔም መስሎኝ ነበር። እኔም አንዱን ጥያለሁ።" ቆባቸውን አስተካከሉ። "አንተስ ዕድለኛ ነህ፣ የጣልከው ወንጌላዊ ነው፣ ይቅር ይላል። የእኔው ዳኛ ነበር።"

ያን ጊዜ ነው በሩ ድረስ ነድተህ ተመለስ የሚሉት ለምን እንደሆነ የገባኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውየው ሲነዳ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ለካ በሩ ጋ ሲደርስ እንዴት ወርዶ እንደሚዞር ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ገመቹ ቤት ሄድን። ጋሽ ሰይድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛ፣ "አባትህ በቅሎ ነበረው?" ብለው ጠየቁት።

"ነበረው።"

"ከበቅሎ ስትወርድ እንዴት ነው የምትወርደው?"

"በግራ እርካብ እቆማለሁ፣ ቀኙን በኋላ በኩል አዞራለሁ፣ እወርዳለሁ።"

"ሁለቱንም እግርህን ግራና ቀኝ አንጠልጥለህ አትወርድም?"

ገመቹ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። አሁን ጉልበቱ ድረስ የሄደ አይመስለኝም። አዴ ለሊሴ ግን አልሳቀችም። "በቅሎዋ እኮ የሚያስብ ጭንቅላት ነበራት" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቀመጫው ልክ ሲሆን እግር መሬት አይደርስም፣ ስለዚህ ሰው እንደ በቅሎ መውረድ አለበት። የግራ ፔዳል ታች ሲደርስ ቆመህበት ቀኙን በኋላ አዙረህ፣ ብስክሌቱ ገና ሲንከባለል መሬት ትረግጣለህ። የገመቹ ግራ እግር ደህና ነው፣ ያ ለእኛ ተመቸን። ቀኙ ግን ደርቋል፣ ከኋላ ማስቀመጫው ላይ ያሰረው የመጽሐፍ ሳጥን አያሳልፈውም። ሳጥኑን ፈትቼ ፊት ለፊት፣ መሪው ላይ የምትንጠለጠል ቅርጫት ሠራሁለት። መቀመጫውን ወደ ድሮው መለስኩት፤ አራቱን ጣት ከዜሮ እንጀምራለን።

ጀሶው ሲወልቅ ሐኪሙ እግርህን ቀስ እያልክ አጥፈው ዘርጋው አለው። ጋሽ ሰይድ ከነቀምቴ ሆነው በስልክ፣ "ብስክሌቱን ከወጋግራው ላይ ስቀልለት" አሉኝ። ጋራዤ ውስጥ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ አድርጌ በገመድ ሰቀልኩት። ጠዋት ጠዋት ይመጣና የትም ሳይሄድ ይነዳል። ጭነት ስለሌለው ጉልበቱ እንደ ዘይት የተቀባ በር ቀስ እያለ ተከፈተ። ዝም ብሎ መንዳት ስለማይችል ለእሁድ የሚሰብከውን ይለማመድብኛል። በዚያ ክረምት የሰማሁት ስብከት እስከ ዛሬ ይበቃኛል።

አወራረዱን ላስተምረው መጀመሪያ እኔ ልማር አልኩ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በገበያ ቀን፣ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል፣ ተለማመድኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅኩ። እኚያ መርፌ ፈልገው መጥተው የነበሩት ሽማግሌ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝና፣ "ጉልበትህን ለማን ነው የምታሳየው?" አሉኝ። ጡረታዬ ዕለት የጮኸው ጉልበት የዚያ ሜዳ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አስቴር ክብደትህ ነው ትላለች።

ነሐሴ ሲገባ ገመቹ መሬት ላይ መንዳት ጀመረ። በየሳምንቱ ግማሽ ጣት። በየሳምንቱ መጀመሪያ አስወርደዋለሁ፣ ሰላም ይለኛል፣ እንደገና ይወጣል፣ ከዚያ ነው ብሎኑን የምፈታው። መስቀል ሲያልፍ ሦስት ጣት ተኩል ላይ ደርሰናል። "ግማሿ ትቅር፣ ለትሕትና" አለኝ።

ማዶ የሄድነው እሁድ ነው፤ እሱ በብስክሌቱ፣ እኔ በእኔው። አዴ ለሊሴ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ሱታ፣ ሱታ" እያለች ሸኘችን፤ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ከወደቀ አንተም ከእሱ ጋር ውደቅ" አለችኝ። ምሕረት ማድረጓ ነው ብዬ ወሰድኩት።

መጀመሪያ ያገኘናት ከብት የምትነዳ ሴት ናት።  ገመቹ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ያዘ፣ በግራው ቆመ፣ ያ የደረቀ ቀኙ በኋላ በኩል እያመነታ ዞረ፣ መሬት ረገጠ። ኮፍያውን አወለቀ። "አካም ቡልታን?" ከዚያ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ። እኔ ላብ ላብ ይለኛል፣ እነሱ ስለ ጥጃ ያወራሉ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ፣ ሃያ ስድስት ላይ ተውኩት።

ከወንዙ ወዲያ ትልቅ ዳገት አለ። ገመቹ ወርዶ መግፋት ጀመረ። እኔ ለሰው ግፉ እያልኩ የምመክረው ሰው፣ አንዲት ጎበዝ የምትመስል ልጅ ውሃ ቀድታ ስትወጣ ስላየችኝ ብቻ አልወርድም አልኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከእኔ ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጠ። ልጅቷ ከነእንስራዋ አለፈችኝ። ገመቹም ብስክሌቱን እየገፋ ካለፈኝ ቆይቷል።

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሼ ስገባ መዝሙሩ አልቆ ገመቹ ከፊት ቆሟል። ሰዉ እያየ ነው፣ አንዳንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። አንዲት አሮጊት መጥታ በሱሪው ላይ ጉልበቱን ስትነካካ አየሁ፣ እውነት መሆኑን ልታረጋግጥ መሰለኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ "እንግዳ ካለ ይነሳና ራሱን ያስተዋውቅ" ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መደበቂያ የለም፣ ሌላ እንግዳ የለም።

ተነሳሁ። "ቶለሳ እባላለሁ። ብስክሌት እጠግናለሁ። ወንጌላዊውን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

 ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በቀስታ ዞረው አዩኝ። ዘግይቼ ነው የገባኝ፤ ያን ዕለት በኮቱ ይዘው ያነሱት እሳቸው ናቸው።

"ዛሬስ?" አሉኝ።

"ዛሬ ዳገቱ ላይ ጥሎኝ መጣ።"

መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ገመቹ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና መጽሐፉን ገለጠ። ያን ዕለት ምን እንደሰበከ አላስታውስም። ክረምቱን ሙሉ ሰምቼው ስለነበር መሰለኝ ትንሽ አሸለብኩ።

ከዚያ ወዲህ ቢሮ ግባ ያለው ሰው የለም። ለብዙ ዓመታት ማዶ ተመላልሷል። ጋሽ ሰይድ አሁን ቆላ፣ ልጃቸው ጋ ናቸው፤ በደወልኩ ቁጥር፣ "ማንን ጣልክ?" ይሉኛል። እኔ ከቢላ በኋላ ሻምቡም፣ ደምቢ ዶሎም ሠርቼ ነቀምቴ ተመለስኩ፣ ደግ አለቃም ክፉ አለቃም አየሁ። ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ግን የምናገረው ሁልጊዜ ያን እሁድ ነው።

ጸሎቱ አልቆ ስንወጣ ሰዎች ብስክሌታቸውን ከየዛፉ ሥር እያመጡ ከበቡኝ። ሁሉም መቀመጫ ዝቅ ያለ፣ ሁሉም ጉልበት ፊት ለፊቱን የሚያመው። አንዱ ወፈር ያለ ገበሬ ቀድሞ ገባና፣ "የእኔንም ስቀልልኝ፣ ቶሎ ነው የምሄደው" አለኝ። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ብሎኑ ላይ ላሳርፈው ስል እጄን ሰበሰብኩ።

"እዚያ ጋ ያሉት እናት ይታዩሃል? እሳቸው ጋ እስክትደርስ ንዳና ወርደህ ሰላም በላቸው" አልኩት።

"አሁን ከጸሎት ስንወጣ ሰላም ብያቸዋለሁ እኮ።"

"እንደገና በላቸው። እኔ ቆሜ አያለሁ።"

እናትየው ሰምተው፣ "ሊወድቅብኝ ነው እንዴ?" እያሉ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ሰውየው ነዳ፣ ደረሰ፣ ሁለቱንም እግሩን ተክሎ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ጤንነቱ ተጠየቀ፣ ልጆቹ ተጠየቁ፣ በቆሎው ተጠየቀ፣ ታሞ የነበረው በሬ ተጠየቀ። እኔም ቁልፌን ይዤ ሰላምታው እስኪያልቅ ጠበቅኩ።